ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎ የተባረረው አሰልጣኝና የኔብራስካዎች የማያልቅ ክርክር

ሰውየው ዓርብ ዕለት አሸነፈ፤ ቅዳሜ ተባረረ። ነገሩ የሆነው በ2003 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከሜዳው ውጪ ኮሎራዶን 31 ለ 22 ረትቶ የዓመቱን ዘጠነኛ ድሉን ባስመዘገበ ማግስት ዋና አሰልጣኙ ፍራንክ ሶሊች በቃህ ተባለ። 12 ጨዋታ፣ 9 ድል፣ 3 ሽንፈት። በዚህ ውጤት የሚባረር አሰልጣኝ አለ እንዴ? የኔብራስካ ደጋፊዎች ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እስካሁንም አልተስማሙም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፉትቦል የሚባለው እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲባል ደግሞ እዚህ አገር እንደሚታወቀው የኢንተር ኮሌጅ ውድድር፣ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ የሚጨፍርበት ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ንግድ ነው። የታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስቴዲየም ከአብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ሜዳ ይበልጣል። አሰልጣኙ ሚሊዮኖች ይከፈለዋል። ተጫዋቾቹ ግን ለብዙ ዘመን የትምህርትና የኑሮ ወጪያቸው ከመሸፈኑ በቀር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ መክፈል የጀመሩት ገና በ2025 ነው። ሊጋቸው "ኮንፈረንስ" ይባላል። ጥሩ ውጤት ያመጣ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ "ቦውል" ወደሚባል ተጨማሪ ጨዋታ ይጋበዛል። ከዚያ በፊት ያለው መደበኛ ውድድር 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ልብ በሉ። 38 ጨዋታ ባለው ፕሪሚየር ሊግ ስናሰላው እነሱ ጋ አንድ መሸነፍ እንግሊዝ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደመሸነፍ ነው።

ኔብራስካ በአሜሪካ መሐል የምትገኝ የበቆሎና የከብት አገር ነች። ጠቅላላ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። የኤንኤፍኤልም ሆነ የኤንቢኤ፣ የትልቁ የቤዝቦል ሊግም ቡድን የላትም። ያላት በዋና ከተማዋ በሊንከን የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ቡድን፣ ኮርንሃስከርስ ነው። ቅጽል ስሙ እንኳ ከበቆሎ ሥራ የመጣ ነው። በ1923 የተከፈተው ሜሞሪያል ስቴዲየም 85 ሺህ ገደማ ሰው ስለሚይዝ በጨዋታ ቀን ከኦማሃና ከሊንከን ቀጥሎ የግዛቷ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ይሆናል ይባላል፤ የቁጥር ስሌቱም እውነት ነው። ከኖቬምበር 1962 ወዲህ ትኬቱ አልቆ ያልተካሄደ የሜዳ ጨዋታ የለም፤ ቁጥሩ 400ን አልፏል። እርግጥ ነው፣ ቡድኑ በደከመባቸው ዓመታት የተረፈውን ትኬት ባለሀብቶችና ድርጅቶች እየገዙ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ያደረጉበት ጊዜ አለ። ቢሆንም አገሩ የስፖርት ረሃብ ያለበት አገር ነው። በኦገስት 2023 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በዚሁ ሜዳ ሲጫወት 92 ሺህ 3 ሰው ገብቷል። ለመረብ ኳስ!

እንዲህ ባለ አገር አሰልጣኝ መቅጠርና ማባረር የመንግሥት ጉዳይ ያህል ነው። ገበሬው ትራክተሩ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ጀርባ ቆሞ፣ ፓስተሩ ከቸርች ሲወጣ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ክርክሩ ደግሞ "ማን ይምጣ?" ከሚለው ይልቅ "እኛ ማነን? ለእኛ የሚመጥነው ውጤት ስንት ነው?" የሚል ነው። የአዲስ አበባ የአርሰናል ደጋፊ ይህ ስሜት በደንብ ይገባዋል። አርሰን ቬንገር ለ20 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ከአራተኛ ደረጃ ሳይወርድ ሲቀር፣ በዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ "አራተኝነት ዋንጫ ነው ወይ?" የሚል ወገንና "ያለውን አክብር!" የሚል ወገን ስንት ዓመት ሲጨቃጨቁ እንደነበር የሚረሳ የለም።

የኦስቦርን መስፈሪያ

ኔብራስካዎችን ያበላሻቸው (ወይም ያከበራቸው) ሁለት ሰው ነው። የመጀመሪያው ቦብ ዴቫኒ ናቸው። በ1961 ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ተረክበው በ1970 እና በ1971 የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረጉት። ሁለተኛው ደግሞ የእሳቸው ምክትል የነበሩት፣ በ1973 መንበሩን የተረከቡት ቶም ኦስቦርን ናቸው። ኦስቦርን 25 ዓመት አሰልጥነው 255 ጊዜ አሸንፈዋል፤ የተሸነፉት 49፣ አቻ የወጡት 3 ጊዜ ነው። በ25ቱም ዓመት አንድም ጊዜ ከዘጠኝ ድል በታች አላመጡም። በ1994፣ በ1995 እና በ1997 ሻምፒዮን ሆነዋል። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ብቻ ብናይ 60 አሸንፈው 3 ተሸንፈዋል። በዚህ ጊዜ ያደገ የኔብራስካ ልጅ ቡድኑ ሲሸነፍ ማየት ማለት የፀሐይ ግርዶሽ ማየት ማለት ነበር።

ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ኦስቦርን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኙት በ22ኛው የውድድር ዘመናቸው ነው። በ22ኛው! በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ደመኛቸውን ኦክላሆማን አንድ ጊዜ እንኳ ማሸነፍ አቅቷቸው ነበር። በ1978 17 ለ 14 እስኪያሸንፉ ድረስ ደጋፊው ያጉረመርም ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ንግግር እስከመጀመር ደርሰዋል። የ1983ቱ ቡድናቸው አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ለፍጻሜ የሚቆጠር ጨዋታ ላይ ደርሶ ከማያሚ ጋር ተገናኘ። መጨረሻው ደቂቃ ላይ 31 ለ 30 ሲመሩ የነበሩት ማያሚዎች ናቸው። ኦስቦርን ኳሷን በእግር አስመትተው አንድ ነጥብ አግኝተው አቻ ቢወጡ ሻምፒዮንነቱ በእጃቸው ነበር ተብሎ ይታመናል። እሳቸው ግን ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሞከሩ፤ ኳሷ ተነክታ ወደቀች፤ ዋንጫውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ከጃኑዋሪ 1988 እስከ ጃኑዋሪ 1994 ሰባት ቦውል በተከታታይ ተሸነፉ። ትልቅ ጨዋታ አያውቁም፣ ደካማ እየመረጡ ነው የሚያሸንፉት ተባሉ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ግን ታገሱ።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነው የሠራው ማለት ልክ አይሆንም። ኔብራስካ በጊዜው ሌላው ያልነበረው ዘዴ ነበራት። ቦይድ ኤፕሊ የሚባለውን ሰው በ1969 የጡንቻ ማጎልበቻ አሰልጣኝ አድርጋ ስትቀጥር ሌሎቹ ክብደት ማንሳት ተጫዋችን ያደነዝዛል ብለው ይፈሩ ነበር። ከየገጠሩ ከተማ የሚመጡ፣ ስኮላርሺፕ ያልተሰጣቸው፣ በራሳቸው ወጪ እየተማሩ ለማሊያው ብቻ የሚጋጩ ልጆችን በብዛት ትይዝ ነበር። አጨዋወቷም ኳስ ይዞ በመሮጥ ላይ የቆመ ስለነበር ከቴክሳስና ከካሊፎርኒያ ኮከብ ኳስ ወርዋሪ ማባበል የግድ አልነበረም። ጊዜው ሲቀየር ግን ሁሉም ጂም ሠራ። የስኮላርሺፕ ጣሪያው በየዘመኑ እየወረደ 85 ላይ ቆመ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ቴሌቪዥን ላይ መታየት ጀመረ። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለበት ግዛት ከ20 ሚሊዮንና ከ30 ሚሊዮን ግዛቶች ጋር በልጅ ምልመላ መወዳደር ግዴታው ሆነ። መስፈሪያው ግን እዚያው ቀረ፤ ዘጠኝ ድል ዝቅተኛው፣ ዋንጫ ደግሞ የሚገባን!

ሶሊች የተቀመጠው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ዴቫኒ ያጫወቱት ልጅ፣ ከ1979 ጀምሮ የኦስቦርን ረዳት የነበረ፣ ኦስቦርን ራሳቸው ተተኪዬ ብለው የመረጡት ሰው። በስድስት ዓመት 58 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። በ1999 የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ። በ2001 ኳርተርባኩ ኤሪክ ክራውች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለምበትን የሃይዝማን ዋንጫ ተሸለመ፤ ቡድኑም ለአገር አቀፉ ሻምፒዮንነት ተጫወተ። ግን እዚያ ሲደርስ ምን ሆነ? ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ በኮሎራዶ 62 ለ 36 ተቀጥቅጦ ነበር፤ በፍጻሜውም ማያሚ 37 ለ 14 ደበደበው። በቀጣዩ ዓመት 7 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ኔብራስካ ከ1961 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ጉድ ፈላ!

ዘጠኝ ጊዜ? ማንን?

2003 ላይ ሶሊች ረዳቶቹን ቀያይሮ መጣ። ለመከላከሉ ቦ ፔሊኒ የሚባል ቁጡ ሰው ቀጠረ። ውጤቱም 9 ለ 3 ሆነ። እንግዲህ ደጋፊው ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ወገን፣ ሰውየው ስህተቱን አርሟል፣ ዘጠኝ አሸንፏል፣ የቤት ልጅ ነው፣ ሌላ ምን አድርግ ትሉታላችሁ ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን መልሱ አጭር ነው። ዘጠኝ ጊዜ ማንን አሸነፈ? የተሸነፈባቸውን ሦስቱን ተመልከቱ ይላል፦ በሚዙሪ 41 ለ 24፣ በቴክሳስ 31 ለ 7፣ በገዛ ሜዳው በካንሳስ ስቴት 38 ለ 9። አንዱም ተቀራራቢ አይደለም። ጠንካራ ቡድን በመጣ ቁጥር የሚፈርስ ቡድን ደካሞቹን ስላሸነፈ ምን ይደንቃል? እውነት ለመናገር ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያባርሩት ያሉትን ሁሉ የማያመሰግኑ ጥጋበኞች አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ካንሳስ ስቴት ሊንከን ድረስ መጥቶ 29 ነጥብ አበላልጦ ሲሄድ ስቴዲየም ውስጥ ለነበረ ሰው ግን ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ብዙም አያጽናናም።

ውሳኔው የስፖርት ዳይሬክተሩ የስቲቭ ፔደርሰን ነበር። ፔደርሰን ራሱ የኔብራስካ ተወላጅ ነው። ቡድኑ ወደ መካከለኛነት ሲንሸራተት ቁጭ ብሎ እንደማያይ፣ ኮንፈረንሱንም ለቴክሳስና ለኦክላሆማ እንደማያስረክብ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ንግግሩ ደስ ይላል። ችግሩ የመጣው ከንግግሩ በኋላ ነው። ያባረረው ሰው ቦታ ላይ ማንን እንደሚያስቀምጥ የጨረሰው ነገር አልነበረም። ስሙ በሰፊው ሲነሳ የነበረው የአርካንሳሱ ሂውስተን ነት እዚያው አርካንሳስ ቀረ። ቀናት አለፉ፣ ሳምንታት አለፉ። ቡድኑ በጊዜያዊው አሰልጣኝ በፔሊኒ እየተመራ በአላሞ ቦውል ሚሺጋን ስቴትን 17 ለ 3 አሸነፈ፤ ደጋፊውም የፔሊኒን ስም እየጠራ እሱን ስጡን ብሎ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። ከ41 ቀን በኋላ፣ ጃኑዋሪ 9 ቀን 2004፣ ቢል ካላሃን ተቀጠረ።

ካላሃን ማን ነው? ከኤንኤፍኤል የመጣ ሰው ነው። ኦክላንድ ሬይደርስን ለሱፐር ቦውል አድርሶ በታምፓ ቤይ 48 ለ 21 ተሸንፏል፤ በቀጣዩ ዓመት 4 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ተሰናብቷል። ኔብራስካ ሲደርስ መጀመሪያ የነካው ነገር የቡድኑን ነፍስ ነው። ለ40 ዓመት የተገነባውን የሩጫ አጨዋወት አንስቶ ኳስ በመወርወር ላይ የተመሠረተ የፕሮፌሽናል አጨዋወት ተከለ። ተጫዋቾቹ ለሌላ ጨዋታ የተመለመሉ ልጆች ናቸው። በግድ ነው እንጂ እንዴት ይሆናል? በ2004 ቴክሳስ ቴክ 70 ለ 10 ረመረማቸው፤ በክለቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ሽንፈት የለም። ዓመቱ 5 ለ 6 ተጠናቀቀ። ለ35 ተከታታይ ዓመታት ቦውል ሳይጫወት ቀርቶ የማያውቅ ቡድን ታኅሣሥን ቤቱ ቁጭ ብሎ አሳለፈ።

መካከለኛነትን አልቀበልም ያለው ሰው መካከለኛነትን ናፈቀ ማለት ነው። በ2006 ዘጠኝ አሸንፈው ትንሽ ቀና ቢሉም በ2007 ሁሉም ነገር ተናደ። ኦክላሆማ ስቴት በገዛ ሜዳቸው 45 ለ 14 ሲያሸንፋቸው ከሁለት ቀን በኋላ ፔደርሰን ራሱ ተባረረ። ያንን ወንበር እንዲይዙ የተጠሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ቶም ኦስቦርን! እስከዚያው ድረስ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነው ሦስት ዘመን አገልግለው ነበር። ካንሳስ ደግሞ በኖቬምበር 76 ለ 39 አስተናገዳቸው። ካላሃን የመጨረሻ ጨዋታውን በኮሎራዶ 65 ለ 51 ተሸንፎ በማግስቱ ተሸኘ። ኦስቦርንም ከአራት ዓመት በፊት ደጋፊው የጮኸለትን ቦ ፔሊኒን አመጡት።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ትምህርት ተገኝቷል ይባል ነበር።

አይዋን እንየው

ፔሊኒ ሰባት የውድድር ዘመን ሠራ። በሰባቱም ከዘጠኝ ድል በታች አላመጣም። በስድስቱ ደግሞ ልክ አራት አራት ጊዜ ተሸነፈ፤ አንድ እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሰውየው ሰዓት ነው እንዴ የሚያሰኝ ነው። ሽንፈቶቹ ግን እንደ ሶሊች ዘመን አስቀያሚ ነበሩ። በ2012 የኮንፈረንስ ፍጻሜ ዊስኮንሲን 70 ለ 31፣ በ2014 እንደገና ዊስኮንሲን 59 ለ 24። ጠባዩም አላገዘውም። በ2011 በግል ሲናገር የተቀዳ፣ የራሱን ደጋፊዎች የሚሳደብበት ድምፅ በ2013 ወጣ። ደጋፊ ሽንፈትን ይቅር ይላል፤ ስድብን ግን እንጃ።

ኦስቦርን ጡረታ ወጥተው የስፖርት ዳይሬክተርነቱን የያዘው ሾን ኢክሆርስት ነበር። በኖቬምበር 2014 ኔብራስካ ከሜዳው ውጪ ጎረቤቱን አይዋን በጭማሪ ሰዓት 37 ለ 34 ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን ፔሊኒ ተባረረ። ስንት አሸንፎ? 9 ለ 3! አስራ አንድ ዓመት አልፎ ቁጥሩ እንኳ አልተቀየረም። ኢክሆርስት ምክንያቱን ሲያስረዳ ያሸነፍናቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ ናቸው የሚለውን እንዳየ፣ አይዋ የት ደረጃ ላይ እንዳለ መመዘን እንደነበረበት ተናገረ። በአጭሩ፣ አይዋን ማሸነፍ ምኑ ይወራል ማለቱ ነው። የአይዋ ሰዎች ሰሙ። ከ2015 እስከ 2021 ኔብራስካን በሰባት ተከታታይ ዓመት አሸነፉት። አንዱ 40 ለ 10፣ አንዱ 56 ለ 14 ነበር። ይህች ንግግር እስከ ዛሬ በሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ ትጠቀሳለች፤ በአንደኛው በሳቅ፣ በሌላኛው በንዴት።

በፔሊኒ ቦታ የመጣው ማይክ ራይሊ ነው። ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ 61 ዓመት የሞላው ሰው። በዚያው ዓመት ኦሪገን ስቴትን ይዞ ያመጣው ውጤት 5 ለ 7 ነበር። ዘጠኝ ያሸነፈን አባርሮ አምስት ያሸነፈን መቅጠር! ጠባይ ተፈልጎ ነው እንጂ ውጤት ተፈልጎ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር፤ ጠባይም መስፈርት ነው ያሉ ደጋፊዎች ነበሩ፣ ትንሽም አልነበሩም። ራይሊ በሦስት ዓመት 19 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ሰሜን ኢሊኖይ የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ሊንከን መጥቶ 21 ለ 17 ሲያሸንፍ መጀመሪያ ኢክሆርስት፣ ዓመቱ ሲያልቅ ራይሊ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ቅጥር ላይ ክርክር አልነበረም። ምናልባት መኖር የነበረበት እዚያ ላይ ነበር። ስኮት ፍሮስት የኔብራስካ የገጠር ልጅ፣ የ1997ቱ ሻምፒዮን ቡድን ኳርተርባክ፣ በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳን 12 ለ 0 ይዞ የመጣ (ቦውሉን ጨምሮ 13 ለ 0 የጨረሰ) ወጣት አሰልጣኝ ነው። ሰባት ዓመት፣ 35 ሚሊዮን ዶላር። ሕዝቡ መሲሕ መጣ አለ። መሲሑ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በ2021 3 አሸንፎ 9 ሲሸነፍ ዘጠኙም ሽንፈቶች ከአስር ነጥብ በታች ልዩነት ነበሩ። ይህ መጥፎ ዕድል ነው ወይስ መጥፎ ዝግጅት? በ2022 ደብሊን ላይ ኖርዝዌስተርንን 28 ለ 17 እየመራ ኳሷን አርቆ በማስመታት ፈንታ ባልተጠበቀ አጭር ምት መልሶ ሊነጥቅ ሞከረ። ኳሷ ለተጋጣሚ ደረሰች፤ ጨዋታውም 31 ለ 28 ተገለበጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጆርጂያ ሳውዘርን በሜዳቸው 45 ለ 42 ሲያሸንፋቸው ሴፕቴምበር 11 ቀን ተባረረ። 16 ድል፣ 31 ሽንፈት።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ይገርማል። ኮንትራቱ ላይ ከኦክቶበር 1 በኋላ ቢባረር የሚከፈለው ካሳ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። ከዚያ በፊት ስለሆነ 15 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የቀረው 20 ቀን ነው። በቀን ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ የትዕግሥት ማጣት ቀን 375 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ደጋፊው ግን ካሳው ላይ ብዙም አልተከራከረም፤ አንድ ቀን የሚጨመር መስሎ አልታየውም ነበር።

ሶሊችስ? ሶሊች በ2005 ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ሄዶ 16 የውድድር ዘመን ቆየ፤ 115 ጨዋታ አሸንፎ በ2021 ጡረታ ወጣ። ከተባረረ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2024 የጸደይ ልምምድ ጨዋታ ላይ ወደ ሜሞሪያል ስቴዲየም ተጋብዞ ተመለሰ፤ በክብርም ተቀበሉት። የሚገርመው ኔብራስካ ለመጨረሻ ጊዜ የኮንፈረንስ ዋንጫ ያነሳው በ1999 በእሱ ጊዜ ነው። እሱን አባርረው የመጡት ሰዎች አንዳቸውም ያቺን እንኳ አላመጡም።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ያ ሁለተኛው ወገን፣ ያባርሩት ያለው፣ ተረታ ማለት ይቻላል? ብዙዎች እንደዚያ ይላሉ። ነገር ግን ፔደርሰንም ኢክሆርስትም የተሳሳቱት ዘጠኝ ድል አይበቃንም በማለታቸው ብቻ አይደለም። ዘጠኝ አይበቃም ያለ ሰው አስር የሚያመጣውን ሰው በኪሱ ይዞ መምጣት አለበት። ሁለቱም በኪሳቸው የነበረው ባዶ ወረቀት ነው። ከዚያም በላይ መስፈሪያው ራሱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ2003ቱ መስፈሪያ ኦስቦርን ቢለኩ በ1978 ይባረሩ ነበር፤ ያኔ ካለፉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሰባቱ ተከታታይ የቦውል ሽንፈቶች አንዱ ላይ ይሸኙ ነበር። ያ ሁሉ የሚወራለት ዋንጫ የመጣው ኔብራስካዎች አሁን መስፈርት ብለው የሚጠሩትን ነገር ባልተጠቀሙበት ዘመን ነው። በሌላ በኩል ታገሱ ባዩም ወገን ፍሮስት ላይ አራት ዓመት ከሩብ ታግሦ ምን እንዳገኘ ይታወቃል። የታገሡት ዘጠኝ ለሚያመጣው ሳይሆን ሦስት ለሚያመጣው ሆነ።

አሁን ወንበሩ ላይ ያለው ማት ሩል ነው። ቴምፕልንና ቤይለርን ከወደቁበት አንስቷል፤ በኤንኤፍኤል ካሮላይና ፓንተርስ ግን አልተሳካለትም። በኖቬምበር 2022 ሲቀጠር የስምንት ዓመት፣ የ74 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ። 2023 ላይ 5 ለ 7። 2024 ላይ 7 ለ 6፣ ከ2016 ወዲህ የመጀመሪያው ቦውል፣ ቦስተን ኮሌጅንም 20 ለ 15 አሸነፉ፤ ሊንከን ውስጥ ደስታ ሆነ። ልብ በሉ፣ በ2002 ሰባት ድል የሐዘን ቀን ነበር። በኦክቶበር 2025 ፔን ስቴት አሰልጣኙን አባርሮ ሌላ ሲፈልግ የሩል ስም ተነሳ፤ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኔብራስካዎች እንዳይነጠቁ ፈርተው ኮንትራቱን እስከ 2032 አራዘሙለት። አንድ ወር ሳይሞላ አይዋ ሊንከን ድረስ መጥቶ 40 ለ 16 አሸነፋቸው። ዓመቱ እንደገና 7 ለ 6 ሆኖ አለቀ። ፈረማ ሳይቸኩሉ ዘጠኝ እስኪያመጣ ቢጠብቁስ የሚል አዲስ ወገን ደግሞ አሁን ተነስቷል።